የማስታወቂያው ወጪ የማን ነው? የወረዳ ከተማ ቸርቻሪ ለአስመጪው ሊያቀርበው ስለሚገባ ሐሳብ

ንግድ በሁለት እግር ይቆማል ቢባል ስሕተት አይሆንም። አንደኛው እግር ጥሩ ዕቃን በተገቢ ዋጋ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው መኖሩን ለሚፈልገው ሰው ማሳወቅ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በአስመጪው፣ በጅምላ ነጋዴውና በቸርቻሪው መካከል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተከፋፍሎ የቈየ ስለ ሆነ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን እንደ ሆነ ብዙ አያከራክርም። ሁለተኛው ሥራ፣ ይኸውም ማስታወቂያ፣ በተለይ በኢንተርኔት መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ወጪው የማን፣ ጥቅሙም የማን እንደ ሆነ ሳይለይ በግምት የሚካሄድ ነገር ሆኗል። በግምት የሚካሄድ ነገር ደግሞ ውሎ አድሮ አንዱን ወገን መጕዳቱ አይቀርም።

ጉዳዩ በምሳሌ ቢገለጽ ይሻላል። በጉና ተራራ አካባቢ፣ የእስቴ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መብራቶችንና የእጅ ስልኮችን የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ አለ እንበል። ዕቃውን የሚያቀርብለት በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አስመጪ ነው። ባለሱቁ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉን በዱቤ እየወሰደ በገበያ ቀን ለሚመጣው ገበሬና ለከተማው ነዋሪ ይቸረችራል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አንድ አዲስ ነገር አስተውሏል። መብራቱን የሚመርጠውና ዋጋውን የሚከራከረው ገበሬው ራሱ ሳይሆን በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በሥራ ላይ ያለው ልጁ ሆኗል። ልጁ የዕቃውን ሥዕል በስልኩ አይቶ ይደውላል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ይልካል፤ አባትየው በገበያ ቀን መጥቶ ዕቃውን ተረክቦ ይሄዳል። ባለሱቁም ይህን አይቶ፣ አስመጪው በኢንተርኔት ማስታወቂያ እንዲያወጣ፣ በማስታወቂያውም ላይ የሱቁ ስም እንዲገባ ሐሳብ ሊያቀርብለት አሰበ፤ ነገር ግን ያመነታል።

የሚያመነታበት ምክንያት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በመጀመሪያ፣ በዓመት ጥቂት ካርቶን የሚወስድ ትንሽ ባለሱቅ ለትልቅ አስመጪ ምክር ቢሰጥ የሚሰማው ላይኖር ይችላል። ሁለተኛም፣ አስመጪው ሐሳቡን ከወደደው፣ ነገ በዚያው በኢንተርኔት አማካይነት ደንበኛውን በቀጥታ አግኝቶ ባለሱቁን ከመካከል ሊያወጣው ይችላል። ሦስተኛም፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥ ወይም መንገድ ቢዘጋ፣ ማስታወቂያው የጠራውን ገዢ ማስተናገድ አይቻልም። እነዚህ ሦስት ሥጋቶች በመካነ ኢየሱስ ብቻ ሳይሆኑ በንፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በአርብ ገበያም ያሉ ቸርቻሪዎች የሚጋሯቸው ስለ ሆኑ ተራ በተራ ሊመረመሩ ይገባል።

ጉዳዩ በሚገባ ሲመረመር የሚገኘው ውሳኔ ይህ ነው። ቸርቻሪው ሐሳቡን ማቅረብ አለበት፤ ነገር ግን እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ተካፋይ መቅረብ አለበት። አስመጪው ገንዘብና ዕቃ አለው፤ ቸርቻሪው ደግሞ አስመጪው የሌለው የገዢው ዕውቀት አለው። ይህን ዕውቀት በነጻ አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ግን የወጪውንና የደንበኛውን ድርሻ የሚወስን ውል በጽሑፍ ሊይዝ ይገባዋል።

ቸርቻሪው በዚህ ነገር ላይ የመናገር መብት ከወዴት እንዳገኘ ለመረዳት፣ የማስታወቂያን አካሄድ ወደ ኋላ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ቃል በነጋሪት ሲነገር፣ የሸቀጥ ወሬ ደግሞ ከገበያ ወደ ገበያ በሚዞረው ነጋዴ አፍ ይሰማ ነበር። ከዚያም ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ፤ ሬዲዮም ተስፋፋ፤ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. ተጨመረ። በእነዚህ ሁሉ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በዋና ከተማ ያለው ትልቅ ነጋዴ ነበር። የጋዜጣ ገጽ ወይም የሬዲዮ ድምፅ አንዱን ወረዳ ከሌላው ለይቶ የሚደርስ ስላልነበረ፣ ከማስታወቂያው ውስጥ ምን ያህሉ ለእስቴ፣ ምን ያህሉ ለጋይንት እንደ ዋለ ማንም ሊለካው አይችልም ነበር። የማይለካ ነገር ደግሞ ሊካፈል አይችልም። ስለዚህ አስመጪው ብቻውን ይከፍል፣ ቸርቻሪውም ከሚተርፈው ጥላ ሥር ይጠለል ነበር።

የኢንተርኔት ማስታወቂያ ይህን አካሄድ ለውጦታል። እንደ ፌስቡክና ጉግል ያሉት ድርጅቶች ማስታወቂያ አውጪው የሚፈልገውን ከተማ፣ ዕድሜና ዝንባሌ መርጦ እንዲያስነግር ያስችሉታል። ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንቱ እንደ ነካው፣ ስንቱም መልእክት እንደ ላከ በቍጥር ይነግሩታል። በኢትዮጵያም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ካዋለ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በአዲስ አበባ ከከፈተና በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤም ፔሳን ካስጀመረ ወዲህ፣ ዕቃውን ማየትና ገንዘቡን መክፈል በአንድ ስልክ የሚፈጸም ሆኗል። እንግዲህ አሁን ለአንድ ወረዳ የተደረገ ወጪ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ስለ ሆነ፣ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

ነገር ግን ማስታወቂያ ለማን ይነገር የሚለውን መሣሪያው በራሱ አያውቀውም። በ2016 ዓ.ም. የወጡ ግምቶች እንደሚያሳዩት በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ተጠቃሚው ከአምስት ሰው አንድ ያህል ነበር፤ በገጠር ደግሞ ከዚህ እንደሚያንስ ማንም ይረዳዋል። አዲስ አበባ የተቀመጠ አስመጪ ይህን ቍጥር ሲያይ፣ «የእስቴ ገበሬ ፌስቡክ አይመለከትም፤ ስለዚህ ለእስቴ የሚወጣ ማስታወቂያ ገንዘብ መጣል ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ወይም ማስታወቂያውን ያወጣና አድማሱን በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ብቻ አጥሮ ጥቂት ወጣቶች እንዲያዩት ያደርጋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በምሳሌው እንደ ተገለጸው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው በእስቴ የለም፤ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በውጭ አገር ያለ የእስቴ ልጅ ነው። ማስታወቂያው መነገር ያለበት ለእርሱ ነው። ይህንም የሚያውቀው በየገበያው ቀን ከባንኮኒው በስተ ኋላ ቆሞ «ልጄ ልኮልኝ ነው» የሚለውን ቃል የሚሰማው ባለሱቅ ብቻ ነው። መቼ ገንዘብ እንደሚላክ፣ በየትኛው በዓል ዋዜማ ልጆች ወላጆቻቸውን እንደሚያስቡ፣ መከር ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ የገበሬው እጅ እንዴት እንደሚለያይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህ ዕውቀት ከገንዘብ የማያንስ መዋጮ ነው።

ከዕውቀቱ ሌላ ቸርቻሪው የሚያዋጣው ሁለተኛ ነገር አለ፤ እርሱም እምነት ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር በኢትዮጵያ ገበያ ሲሠራበት፣ ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቈጥሮ ካላረጋገጠ አይቀበልም ነበር ይባላል። ብሩ ከየትኛውም ዓመት ቢታተም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1780ን ዓመት ይዞ መውጣቱም የለመዱት ምልክት እንዳይለወጥ ነው። ገበያ የሚያምነው የሚያውቀውን ምልክት ነው። ዛሬም በስልክ ሥዕል አይቶ ገንዘብ የሚልክ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ገንዘቡን ልኮ ዕቃውን ማጣት ነው። በማስታወቂያው ላይ «ዕቃው በመካነ ኢየሱስ በእገሌ ሱቅ ይገኛል፤ አባትህ ሞክሮ ይረከባል፤ ቢበላሽም እዚያው ይመለሳል» የሚል ቃል ሲገባ፣ የባለሱቁ ስም እንደ ብሩ ነጠብጣብ ያገለግላል። አስመጪው የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው ይህን ምልክት በእስቴ ገበያ በአንድ ቀን ሊገዛው አይችልም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ ቢባል፣ ለሁለቱም ወገን የሚበጀው ነገር በግልጽ ይታያል። ለምሳሌ ያህል አንድ የማስታወቂያ ዙር 6,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከአንድ መብራት ሽያጭ ባለሱቁ 400 ብር፣ አስመጪው ደግሞ 300 ብር ያተርፋሉ እንበል። ባለሱቁ ወጪውን ብቻውን ቢችል፣ ያወጣውን ለመመለስ በማስታወቂያው ምክንያት ብቻ 15 ተጨማሪ መብራቶችን መሸጥ አለበት። በእነዚህ 15 መብራቶች ግን አስመጪው ምንም ሳያወጣ 4,500 ብር ያገኛል። ሁለቱ ወጪውን እንደ ትርፋቸው መጠን ቢካፈሉ፣ ማለት ባለሱቁ ከሰባት እጅ አራቱን፣ አስመጪው ሦስቱን ቢከፍሉ፣ የባለሱቁ ድርሻ 3,430 ብር ገደማ፣ የአስመጪው ድርሻ 2,570 ብር ገደማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ተጨማሪ መብራቶች ቢሸጡ ሁለቱም ያወጡትን መልሰው ከትርፍ ደረጃ ይደርሳሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ማስታወቂያው ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት መብራት የሚያሸጥ ቢሆን፣ ለሁለቱ በአንድነት ሲታይ ትርፍ አለው፤ ባለሱቁ ብቻውን ሲያስበው ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ብቻውን የተተወ ቸርቻሪ ለሁለቱም ይጠቅም የነበረውን ማስታወቂያ ሳያወጣ ይቀራል። አስመጪውም ብቻውን ቢያስበው ከዚህ የባሰ ነው፤ በመብራት 300 ብር ብቻ ስለሚያገኝ ወጪውን የሚመልሰው ከ20 መብራት በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የአስመጪው የወጪ ድርሻ ችሮታ ወይም የደግነት ስጦታ ሊባል አይገባውም፤ የራሱን ጥቅም የሚያስከብርበት መንገድ ነው። ባለሱቁም ደብዳቤውን ሲጽፍ በልመና ቃል ሳይሆን በዚህ ዐይነት ሒሳብ ቢጀምር የሚሰማው ያገኛል።

ይህ አሳብ በዓለም ንግድ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ፋብሪካዎችና አከፋፋዮች ቸርቻሪው በየከተማው ለሚያወጣው ማስታወቂያ ከወጪው ከፊሉን መክፈል ከጀመሩ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሆኗል። የአሠራሩ መስፋፋት ያስከተለውን አድልዎ ለመግታትም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 የወጣው ሮቢንሰን ፓትማን የተባለው ሕግ፣ ሻጩ ለአንዱ ቸርቻሪ የማስታወቂያ ድጋፍ ሲሰጥ ከእርሱ ጋር ለሚወዳደሩት ቸርቻሪዎችም በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያቀርብ አዘዘ። ኢንቴል የተባለው የኮምፒዩተር ዕቃ ሠሪ ድርጅት ደግሞ በ1991 በጀመረው አሠራር፣ ኮምፒዩተር ሠሪዎች ከእርሱ ከሚገዙት ዋጋ የተወሰነ እጅ እየቈጠረ ለማስታወቂያ የሚውል ገንዘብ ያስቀምጥላቸው ነበር፤ እነርሱም በማስታወቂያቸው ላይ የኢንቴልን ምልክት ያወጡ ነበር። ማንም የማያየው፣ በመኪናው ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ዕቃ በዚህ ዘዴ በዓለም ሁሉ ስሙ ታወቀ። ለኢትዮጵያ አስመጪና ቸርቻሪ ከዚህ የሚጠቅመው ዋናው ነገር የክፍያው መሠረት ነው፤ ድጋፉ በወሰደው ዕቃ መጠን ሲሰላ ትንሹም ትልቁም እንደ አቅሙ ያገኛል፤ ጭቅጭቅም ይቀንሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የከበደው ሥጋት ነው። አስመጪው የባለሱቁን ዕውቀት ከተማረ በኋላ በቀጥታ ለደንበኛው ቢሸጥስ? ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ማስታወቂያው በአስመጪው ስም የወጣ እንደ ሆነ፣ መልእክቱም፣ የገዢው ስልክ ቍጥርም የሚገባው በአስመጪው እጅ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አስመጪው የእስቴ ልጆችን ስልክ ቍጥር በመዝገቡ ይዞ ይገኛል፤ ባለሱቁ ግን ዕቃ አስረካቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ፈርቶ ዝም ማለት ግን መድኃኒት አይሆንም። ባለሱቁ ዝም ቢልም ሌላው ባለሱቅ ወይም ሌላው አስመጪ ነገሩን ሳያስተውለው አይቀርም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ መድኃኒቱ በቅድሚያ የሚጻፍ ውል ነው።

በውሉ ውስጥ ሊገቡ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ግልጽ መሆን ግን አለባቸው። ከማስታወቂያው የሚመጣው ጥሪ ሁሉ ዕቃው እንዲደርስበት በተፈለገው ወረዳ ወደሚገኘው ባለሱቅ ስልክ እንዲያመራ ይጻፍ። ገዢው በቀጥታ ወደ አስመጪው ቢሄድና ዕቃው ለእስቴ የሚላክ ቢሆን፣ ባለሱቁ የሚያገኘው ኮሚሲዮን በመቶኛ ይወሰን። የደንበኞች ስምና ስልክ ለሌላ ሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ ይከልከል፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ የወጣ መሆኑም ይታሰብ። የዕቃውን የንግድ ምልክትና ሥዕል ባለሱቁ በራሱ የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ገጽ እንዲጠቀምበት አስመጪው በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ምልክት በዐዋጅ ቍጥር 501/1998 የሚጠበቅ ሀብት ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ ቢሠራበት ጣጣ ያመጣል። በመጨረሻም የውሉ ዘመን አጭር ይሁን፤ ሦስት ወር ተሞክሮ ውጤቱ ከታየ በኋላ ይታደስ።

አስመጪውም በበኩሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። የማስታወቂያ ድጋፍ ስለ ሰጠ ብቻ ባለሱቁን «ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥ» ብሎ ሊያስገድደው አይችልም፤ ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋን በስምምነት መወሰን በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቍጥር 759/2004ም የማስታወቂያ ቃል እውነተኛና ገዢውን የማያሳስት እንዲሆን ያዛል፤ በኢንተርኔት የሚወጣውም ቢሆን ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለም። መብራቱ ስድስት ሰዓት የሚያበራ ሆኖ ሳለ «ሌሊቱን ሙሉ ያበራል» ተብሎ ቢነገር፣ በአዲስ አበባ የተጻፈው ሐሰት የሚያሳፍረው በመካነ ኢየሱስ ገበያ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘውን ባለሱቅ ነው። ስለዚህ የማስታወቂያው ቃል ከመውጣቱ በፊት ባለሱቁ እንዲያየው ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል።

የክፍያው መንገድም አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። የውጭዎቹ ድርጅቶች የማስታወቂያ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ስለ ሆነ ትንሹ ባለሱቅ በቀላሉ ሊከፍለው አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ተመን የሚወጣ ማስታወቂያም በዚያው ልክ በብር ተወድዷል። እንግዲህ ክፍያውን በባንክ ደንብ በተፈቀደው መንገድ የሚፈጽመው ለዚህ የተሻለ አቅም ያለው አስመጪው ቢሆን፣ ባለሱቁ ደግሞ ድርሻውን በብር፣ ከሚወስደው ዕቃ ፋክቱር ጋር ተደምሮ ቢከፍል ይቀላል። የምንዛሪው ለውጥ የሚያመጣው ጭማሪም በሁለቱ ላይ እንደ ድርሻቸው እንዲወድቅ አስቀድሞ ቢጻፍ መልካም ነው።

ሦስተኛው ሥጋት የመስመርና የመንገድ ነገር ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቈየቱን የክልሉ ነጋዴ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው። ሽያጩን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የመሠረተ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ይገደዳል። ይሁን እንጂ ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል። መስመሩ በእስቴ ቢቋረጥም በአዲስ አበባ ያለው ልጅ ስልክ አልተዘጋም ነበር፤ ማስታወቂያውን ማየት ይችል ነበር፤ የጐደለው ከባለሱቁ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ ከኢንተርኔት መልእክት ጋር ተራ የስልክ ቍጥርም ሊወጣ፣ ትእዛዝም በድምፅና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊቀበል ይገባል። መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ከመጋዘን ሲጐድል ደግሞ፣ ባለሱቁ በአንድ የስልክ ጥሪ ማስታወቂያው እንዲቆም የማድረግ መብት በውሉ ይሰጠው። ለማይደርስ ዕቃ ገንዘብ የሚያስልክ ማስታወቂያ ከማስታወቂያ ማጣት የከፋ ነው፤ በብዙ ዓመት የተገነባን ስም በአንድ ሳምንት ያፈርሳልና።

እነዚህን ጥንቃቄዎች ይዞ የሚጀምር ባለሱቅ ከሁሉ አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚገባው መዝገብ ነው። ስንት ሰው ሥዕሉን አይቶ «ወድጄዋለሁ» እንዳለ መቍጠር «ላም አለኝ በሰማይ» እንደማለት ነው። ሊቈጠር የሚገባው ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን የወሰደ ሰው ነው። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ስንት መብራት እንደ ተሸጠ ይጻፍ። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም እያንዳንዱ ገዢ «ወሬውን ከወዴት ሰማህ? ገንዘቡንስ ማን ላከልህ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በደብተር ይመዝገብ። ለማስታወቂያው ብቻ የተለየ የስልክ ቍጥር ቢያዝለት ደግሞ ቍጥሩ ይበልጥ ይጠራል። የበዓል ሰሞን ገበያ በራሱ ከፍ ስለሚል፣ የበዓሉን ጭማሪ ለማስታወቂያው ቈጥሮ መደሰት ራስን ማታለል ይሆናል፤ ሙከራው በተራ ወራት ቢጀመር ይመረጣል።

ይህን መዝገብ ይዞ ለአስመጪው የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። በወረዳው ገዢው ማን እንደ ሆነ፣ ከገዢዎቹ ምን ያህሉ ገንዘቡ ከሌላ ከተማ የተላከላቸው እንደ ሆኑ፣ ለሙከራ የሚጠየቀው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ባለሱቁ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደሚሸፍን፣ ውጤቱም በምን እንደሚለካ ይገልጻል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለአስመጪው ሲደርስ የላኪው ሱቅ ትንሽነት አይታይም፤ የሚታየው የነገሩ ክብደት ነው። አስመጪው እምቢ ቢልም ባለሱቁ የከሰረው ነገር የለም፤ መዝገቡ በእጁ ስላለ በራሱ የቴሌግራም ገጽ ያለ ወጪ ሥራውን ሊጀምር ወይም ለሌላ አቅራቢ ሊያሳየው ይችላል።

በጐረቤት ከተሞች ያሉ ባለሱቆችም ተባብረው ቢቀርቡ ጕልበታቸው ይጨምራል። ከአንድ አስመጪ የሚረከቡት የመካነ ኢየሱስ፣ የደብረ ታቦር፣ የንፋስ መውጫና የወገዳ ቸርቻሪዎች በአንድ ደብዳቤ «ማስታወቂያው በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የአገራችን ልጆች ይነገር፤ በግርጌውም የየወረዳው ባለሱቅ ስምና ስልክ ይዘርዘር» ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ ማስታወቂያ ለአራት ከተማ ያገለግላል፤ የእያንዳንዱም ወጪ ይቀንሳል። በየቦታው ያለው ገዢ የየራሱን ወላጆች ቀዬ ስለሚመርጥ አንዱ የሌላውን ደንበኛ አይነጥቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው። ደብዳቤውን በማስተባበርና የውሉን ረቂቅ በማዘጋጀት ረገድ የየአካባቢው የንግድ ምክር ቤቶች ለአባሎቻቸው ሊያደርጉ የሚችሉት እርዳታ ቀላል አይደለም።

ለአስመጪዎችም የሚነገር ቃል አለ። ቸርቻሪውን ዘልሎ በቀጥታ መሸጥ ለጊዜው የሚያጓጓ ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን በዱቤ የወሰደውን ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን የሚመልሰው፣ የተበላሸውን ተቀብሎ የሚለውጠው፣ በክፉ ቀንም ሱቁን ከፍቶ የሚጠብቀው ያ ቸርቻሪ ነው። ዛሬ በማስታወቂያ የተገፋ ቸርቻሪ ነገ የሌላ አስመጪ ዕቃ በመደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ ገበሬውም የሚያምነው ያንኑ መደርደሪያ ነው። ስለዚህ ለማስታወቂያ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱን በየወረዳው ላሉ ባለሱቆች እንደ ወሰዱት ዕቃ መጠን ማካፈል፣ ስማቸውንም በማስታወቂያው ላይ ማውጣት፣ ለራስ ገበያ መሠረት መጣል ነው።

በአጠቃላይ የማስታወቂያው ወጪ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ከሽያጩ የሚጠቀመው ሁሉ እንደ ጥቅሙ መጠን ይክፈል የሚል ነው። የመካነ ኢየሱስ ባለሱቅ እንግዲህ ማመንታቱን ትቶ መዝገቡን ይክፈት፤ የአራት ሳምንት ሽያጩን ይጻፍ፤ ገንዘቡን ማን እንደ ላከ ይጠይቅ፤ ከዚያም ደብዳቤውንና የውሉን ረቂቅ አያይዞ ለአስመጪው ይላክ። ዕውቀቱን ከውል ጋር ያቀረበ ቸርቻሪ በገበያው ውስጥ ያለውን ስፍራ ያጸናል፤ ያለ ውል የሰጠው ግን፣ ወይም ፈርቶ የደበቀው፣ ስፍራውን ለሌላ የለቀቀ መሆኑን አይርሳ።